ባዶ እጁን የገባ የለም፦ ስለ መጀመሪያዎቹ ምዕራባውያን ቡድሂስቶች ለምትጽፉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ቡድሂዝም ወደ ምዕራቡ ዓለም እንዴት እንደተሻገረ ልታጠኑ ወይም በአማርኛ ልትጽፉ ስትነሱ፣ ቶሎ ከፊታችሁ የሚቆሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደው አሜሪካዊው ኮሎኔል ሄንሪ ስቲል ኦልኮት ነው። ሁለተኛዋ በሩሲያ ዛሮች ግዛት ተወልዳ በ1878 የአሜሪካ ዜግነት የወሰደችው ሄለና ብላቫትስኪ ናት። በ1875 ኒውዮርክ ውስጥ ከሃይማኖቶች ሁሉ በስተጀርባ ያለውን ስውር ጥበብ እንፈልጋለን የሚለውን የቲዮሶፊ ማኅበርን ከመሠረቱት መካከል ሁለቱ ዋነኞቹ ናቸው።

ስለ እነዚህ ሰዎችና ስለ ተከታዮቻቸው የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከሁለት ጫፍ በአንዱ ይወድቃል። ግማሹ ቡድሂዝምን ከሞት ያስነሡ ጀግኖች ያደርጋቸዋል። ሌላው ደግሞ ሁሉን ቀላቅለው የበጠበጡ አስመሳዮች ናቸው ብሎ ይዘጋቸዋል። የሁለቱም ስህተት ምንጩ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ከመግባታቸው በፊት ምን ይዘው እንደነበር አልተጠየቀም። ወደ አዲስ እምነት ባዶ እጁን የሚገባ ሰው የለም። ስለዚህ ከፍርዱ በፊት ጓዙን ፍቱት።

ከጋል ከተማ እንጀምር። በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ ደቡብ ጠረፍ፣ ሜይ 25 ቀን 1880 ኦልኮትና ብላቫትስኪ ከቡድሃው ትልቅ ሐውልት ፊት ተንበረከኩ። አረጋዊው መነኩሴ ቡላትጋማ የጥንት ቡድሂስት መጻሕፍት በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ ይሏቸዋል፤ እነሱም ይደግማሉ። ቃሉ እንግዳ ስለሆነባቸው ይደናቀፋሉ፤ ከኋላ የቆመ ወዳጅ በሹክሹክታ ያስታውሳቸዋል። ሕዝቡ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የመጨረሻውን ቃል ጨርሰው አበባ ሲያቀርቡ ግን ጩኸቱ አካባቢውን አናወጠው።

የደገሙት ምን እንደሆነ በትክክል እወቁት፤ ጸሐፊዎች «ተጠመቁ» ወይም «ሃይማኖት ቀየሩ» እያሉ የሚያልፉት ነገር ነውና። መጀመሪያ ሦስቱ መጠጊያዎች ናቸው፦ ቡድሃም ሳራናም ጋቻሚ፣ ዳማም ሳራናም ጋቻሚ፣ ሳንጋም ሳራናም ጋቻሚ። ቡድሃን፣ ትምህርቱንና የመነኮሳቱን ማኅበር መጠጊያዬ አደርጋለሁ ማለት ነው። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ዐረፍተ ነገር። ከዚያ አምስት ቃል ኪዳን ይከተላል፦ ሕይወት ካለማጥፋት፣ ያልተሰጠኝን ካለመውሰድ፣ ከዝሙት፣ ከሐሰት፣ ከሚያሰክር መጠጥ መራቅ። ሲሎኖች ይህን ፓንሲል ይሉታል። ውኃ የለም፣ አዲስ ስም የለም፣ የቀድሞውን እምነት ክጃለሁ የሚል ቃልም የለም። አንድ ተራ ምእመን በየሳምንቱ ሊደግመው ይችላል። የመቀላቀሉ በር የተከፈተው እዚሁ ላይ መሆኑን ልብ በሉ፤ ሥርዓቱ ጓዛችሁን በር ላይ አውርዱ አይልም።

ኦልኮት ራሱ ይህን አልደበቀም። አሜሪካ ሳሉ ቡድሂስት ነን ብለው እንደነበረና የጋሉ ሥርዓት ማጽኛ ብቻ እንደሆነ ጽፏል። ቡድሂዝም በግድ ተቀበሉ የሚለው አንድ ዶግማ እንኳ ቢኖረው ኖሮ ዐሥር ደቂቃ አብረው እንደማይቆዩም ተናግሯል። ይህን የሚል ሰው የገባው ወደ የትኛው ቡድሂዝም እንደሆነ መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ስትመልሷቸው ተጠንቀቁ። ሜይ 25 ዛሬ ግንቦት 17 ነው። በ1880 ግን ግንቦት 18 ቀን 1872 ዓ.ም. ነበር። የፈረንጁ 1900 ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበረው ከዚያ በፊት ያሉት ቀኖች በአንድ ይለያያሉ። የዓድዋ ድል ማርች 1 ሆኖ ሳለ የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ የሚውለው በዚሁ ምክንያት ነው። በዘንድሮ ካላንደር እየቆጠሩ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን የሚጽፉ ሰዎች ሁልጊዜ እዚህ ይስታሉ።

አሁን የኦልኮትን ጓዝ እንፍታ። ያደገው በፕሪስቢቴሪያን ቤተሰብ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በሠራዊቱ አቅርቦት ላይ የሚፈጸመውን ማጭበርበር መርማሪ ነበር፤ በኋላ ጠበቃ ሆነ። በ1874 መናፍስት ይታያሉ የተባለበትን የቨርሞንት እርሻ ቤት ሊመረምር ሄዶ ብላቫትስኪን እዚያ አገኛት። እንግዲህ ሦስት ነገር ይዟል፦ የፕሮቴስታንት አስተዳደግ፣ የመርማሪ ልማድ፣ የመናፍስት ጠሪነት ፍላጎት። ሲሎን ከደረሰ በኋላ የሠራውን ሁሉ በእነዚህ ሦስት ማየት ትችላላችሁ። የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ልጆችን የሚያስተምረው በጥያቄና መልስ ነው፤ ኦልኮትም በ1881 የቡድሂዝም ጥያቄና መልስ አሳተመ፣ በእንግሊዝኛና በሲንሃላ። ከ40 ጊዜ በላይ ታትሟል። ሚሲዮኑ የሰንበት ትምህርት ቤት አለው፤ እሱም የቡድሂስት የሰንበት ትምህርት ቤት አቋቋመ። በ1882 ደግሞ እጁን እያሻሸ በ«መግነጢስ ኃይል» ሕሙማንን መፈወስ ጀመረ፤ ይህ በሰው አካል ውስጥ ባለ መግነጢስ እንፈውሳለን ከሚሉት ከአውሮፓ ሜስመራውያን የመጣ እንጂ ከፓሊ መጻሕፍት የመጣ አይደለም።

በዚያ ጥያቄና መልስ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቆም በሉ። ከቡድሃ አካል ይወጣል የሚባለው ባለ ስድስት ቀለም ብርሃን አለ፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ፣ ስድስተኛውም የአምስቱ ቅልቅል። በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰቀለው የቡድሂስቶች ሰንደቅ ዓላማ ቀለማቱን የወሰደው ከዚህ ነው። ኦልኮት በኋለኞቹ እትሞች ይህን ብርሃን ሲያብራራ አውሮፓውያን ኦራ የሚሉት ነው ይልና፣ መኖሩን አረጋግጧል ብሎ ባሮን ራይሄንባክን ይጠራል። ራይሄንባክ ፓራፊንን ያገኘ ጀርመናዊ ኬሚስት ሲሆን ከሰው አካል የሚወጣ ረቂቅ ኃይል አለ ብሎም ያስተምር ነበር። በአንድ ገጽ ላይ ጥንታዊ የሲሎን እምነት፣ የጀርመን ኬሚስት መላምትና የሚሲዮን አጻጻፍ አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ቅልቅል ስትሉ እንዲህ ጣታችሁን የምታሳርፉበትን ቦታ አሳዩ፤ «ምሥራቅንና ምዕራብን አዋሃደ» የሚለው ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። በነገራችን ላይ ሰንደቁን ኦልኮት ነደፈው የሚባለው ልክ አይደለም። የነደፈው የኮሎምቦው ኮሚቴ ነው። የእሱ ድርሻ ረጅም ሆኖ የተሠራው ሰንደቅ የአገር ባንዲራ መጠን እንዲኖረው ማሳሰቡ ነው።

አስተናጋጆቹ መነኮሳት ዝም ብለው የተቀበሉ እንዳይመስላችሁ። የጥያቄና መልሱ ረቂቅ ለታላቁ ሊቅ ለሂካዱዌ ሱማንጋላ ቀርቦ ቃል በቃል ተመርምሯል። ኒርቫና ላይ፣ ማለት እንደገና መወለድ የሚያበቃበት የመጨረሻው ነጻነት ላይ ሲደርሱ ሥራው ቆመ። ኦልኮት ከሰው ማንነት ረቂቅ የሆነ ነገር በኒርቫና ይቀራል የሚሉ ቡድሂስቶችም አሉ ብሎ ጽፎ ነበር። መነኮሳቱ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ክርክር የለም አሉ፤ ካላስተካከለ ፈቃዳቸውን እንደሚነሱት ተናገሩ፤ እሱም አስተካከለ። ስለዚህ በታተመው መጽሐፍ ውስጥ የምታነቡት ኦልኮት ያመነውን ሁሉ አይደለም። የሱማንጋላ ወንፊት ያሳለፈውን ነው። የአንድን ሰው እምነት ለማወቅ ፈቃድ ተጠይቆበት የታተመውን ብቻ አትመልከቱ፤ ማስታወሻውንና ደብዳቤውን ከጎኑ አስቀምጡ።

የሲሎን ቡድሂስቶች ደግሞ የራሳቸው ዓላማ ነበራቸው። ኦልኮት ከመምጣቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1873፣ መነኩሴው ሞሆቲቫቴ ጉናናንዳ ፓናዱራ ላይ ከክርስቲያን ሰባኪዎች ጋር በአደባባይ ተከራክረዋል። ኦልኮትን ወደ ሲሎን የሳበው የዚያ ክርክር ዜና ነው። መነቃቃቱ ተጀምሮ ነበር፤ እነሱ የፈለጉት እንግሊዝኛ የሚጽፍ፣ የቅኝ ገዢውን ቢሮ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው። በ1884 ለንደን ሄዶ አቤቱታቸውን አሰማ፤ በተከታዩ ዓመት የቡድሃ ልደት የሚታሰብበት የቬሳክ በዓል ሥራ የሚዘጋበት ቀን ሆነ። በ1886 በኮሎምቦ የተከፈተው በኋላ አናንዳ ኮሌጅ የተባለው ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዋና መምህር ቻርልስ ሌድቢተር ነበር። ሌድቢተር የአንግሊካን ቄስ ነበር፤ በ1884 ሲሎን ላይ ፓንሲል ወሰደ፤ በ1916 ደግሞ የሊበራል ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆነ። የሰውን ታሪክ እስከ መቃብሩ ተከተሉ የምለው ለዚህ ነው። በ1886 ላይ ያቆመ ጸሐፊ የቡድሂስት መምህር ያገኛል፤ እስከ መጨረሻው የተከተለው ግን ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ካህን እንደነበረ ያያል።

የማሪ ካናቫሮም ነገር እንዲሁ ነው። የፖርቱጋል ዲፕሎማት ሚስት ነበረች፤ በ1897 ኒውዮርክ ውስጥ በሲሎናዊው የቡድሂዝም ሰባኪ በአናጋሪካ ዳርማፓላ ፊት ቃል ኪዳን ገባች፤ ኮሎምቦ ሄዳ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መራች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከፋርስ ወደ ተነሣው የባሃኢ እምነት፣ ከዚያም ወደ ሂንዱው የቬዳንታ ፍልስፍና አለፈች። ይህን «ወላዋይነት» ብላችሁ አትለፉት። የምትፈልገው ነገር ምን እንደነበር ከሦስቱም ቤቶች አንድ ላይ ይነበባል።

ቲዮሶፊንና ቡድሂዝምን መለየት ለጀማሪ ያስቸግራል፤ ሁለቱም ካርማ (ሥራ ፍሬውን ማምጣቱ)፣ ኒርቫና፣ እንደገና መወለድ ይላሉና። በሦስት ጥያቄ ፈትሿቸው። የመጀመሪያው፣ ከአንዱ ሕይወት ወደ ሌላው የሚሻገረው ምንድን ነው? ቲዮሶፊ ሰውን በሰባት ደረጃ ይከፍልና ከፍ ያለው ማንነት ይሻገራል ይላል። የፓሊ መጻሕፍት ግን ሰው የአምስት ነገር ክምር ነው ይላሉ፤ አካል፣ ስሜት፣ መለየት፣ ዝንባሌና ኅሊና፤ ከአምስቱ አንዱም «እኔ» ሊባል የሚችል ቋሚ ነገር አይደለም። ሁለተኛው፣ ሰው እንስሳ ሆኖ ሊወለድ ይችላል? ለቲዮሶፊ ጉዞው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ የዝግመተ ለውጥ ዘመን ልጅ ነች። ለቡድሂስት መውረድም አለ። ሦስተኛው፣ የተሰወረ ትምህርት አለ? ብላቫትስኪ በቲቤት ያሉ ስውር መምህራን እንደሚያስተምሯት ተናግራለች። በፓሊው መጽሐፍ ግን ቡድሃ ሊሞት ሲል፣ መምህር በጭብጡ ጨምድዶ የሚደብቀው ምንም ነገር የለኝም ይላል። እነዚህን ሦስቱን ይዛችሁ የዘመኑን ማንኛውንም ጽሑፍ ብታነቡ ጸሐፊው ከየት እንደሚናገር ከጥቂት ገጽ በኋላ ይገባችኋል።

በ1888 ካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ላይ መታተም የጀመረውን ወርኃዊ መጽሔት ብትወስዱ፣ በአሜሪካ በእንግሊዝኛ የታተመ የመጀመሪያው የቡድሂስት መጽሔት ይባላል፤ አዘጋጁ ግን ፊላንጊ ዳሳ በሚል ስም የሚጽፈው ስዊድን የተወለደው ኸርማን ቬተርሊንግ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ራእይ የስዊድንቦርግ ተከታይ ነበር፤ ስዊድንቦርግን በውስጡ ቡድሂስት አድርጎ ያነበው ነበር። ሦስቱን ጥያቄዎች ስታቀርቡለት ምን እንደሚመልስ አስቡ።

ሁሉም መንፈስ ፈላጊ አልነበረም። ሌላ ወገን ደግሞ ቡድሂዝምን የወደደው ፈጣሪ አምላክን ስለማይጠይቅና ከሳይንስ ጋር ይስማማል ብሎ ስላመነ ነው። በኢሊኖይ ላሳል ከተማ የነበረው ጀርመን ተወላጁ ፖል ካሩስ የሚያስበው እንዲህ ነበር፤ በ1897 ወጣቱን ጃፓናዊ ሱዙኪን አስመጥቶ ለ11 ዓመት ያህል አብሮት ሠርቷል። በበርማ ደግሞ ዳማሎካ የሚባል አየርላንዳዊ መነኩሴ ነበር። ስሙን የሚለዋውጥ ተንከራታች ሠራተኛ የነበረ ሲሆን፣ በ1901 ራንጉን ውስጥ በሽዌዳጎን ፓጎዳ ጫማ አድርጎ የገባን ፖሊስ አውልቅ በማለቱ ከቅኝ ገዢዎቹ ጋር ተጣልቷል። በሚያሳትማቸው ትናንሽ የስብከት ጽሑፎች የአውሮፓን ሃይማኖት የለሾች ክርክር በሚሲዮኖች ላይ ይመዝ ነበር። በእነዚህ ሰዎች ላይ የምትጠይቁት የጨመሩትን ሳይሆን የጣሉትን ነው፤ አማልክቱን፣ ሲኦሎቹን፣ አጽሙን፣ ለሙታን የሚሰጠውን በረከት። «ንጹሕ ቡድሂዝም» የሚል ሐረግ ባያችሁ ቁጥር፣ ምን ተጥሎ ነው የነጻው በሉ።

ቋንቋ ጓዙን ምን ያህል እንደሚያቀል ለማየት አለን ቤኔትንና አንቶን ጉዌትን አነጻጽሩ፤ ከኦልኮት ጋር። ኦልኮት ሲሎንን ሲዞር በአስተርጓሚ ነበር የሚሰብከው። ቤኔት በለንደን ወርቃማው ንጋት የተባለ የአስማት ማኅበር አባል፣ አስም የሚያሠቃየው ሰው ነበር፤ በ1900 ሲሎን ሄዶ ፓሊ ተማረ፤ በ1902 በርማ ውስጥ አናንዳ ሜቴያ ተብሎ መነኮሰ። ጉዌት ጀርመናዊ ቫዮሊን ተጫዋች ሲሆን ስለ ቡድሃ የሰማው ከአንድ ቲዮሶፊ ሰባኪ ነው። በርማ ላይ መንኩሶ ኒያናቲሎካ ተባለ፤ በ1911 በዶዳንዱዋ ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ለምዕራባውያን መነኮሳት ገዳም መሠረተ፤ ከፓሊ በቀጥታ ወደ ጀርመንኛ ተረጎመ። ቲዮሶፊው በር ሆነለት፤ ከገባ በኋላ ግን አላስፈለገውም።

ለምን በርማ? ለምን ለንደን አልመነኮሱም? መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ። ሙሉ ምንኩስና ለመስጠት ቢያንስ ዐሥር መነኮሳት፣ ሩቅ አገር ከሆነ አምስት ያስፈልጋሉ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ አምስት አይገኙም። ቤኔት በኤፕሪል 1908 ለንደን ሲደርስ ደግሞ ሌላው ችግር ታየ። መነኩሴ ከእኩለ ቀን በኋላ አይበላም፣ ገንዘብ በእጁ አይነካም፣ ሴት ባለችበት ጣራ ሥር አያድርም። በበርማ መንደር ይህ ቀላል ነው፤ ጠዋት ሳህን ይዞ ሲወጣ ምግቡ ይሞላለታል። ለንደን ውስጥ ግን የባቡር ትኬት የሚቆርጥለት፣ ምሳውን ሰዓት ጠብቆ የሚያቀርብ፣ የሚያድርበትን ቤት የሚመርጥ ሰው ዘወትር ከጎኑ መኖር አለበት። ተቀባዩ ማኅበር ደግሞ በ1907 የተቋቋመ፣ በጥቂት ሰዎች የቆመ ነበር። ጉዞው በዚያው ዓመት በኦክቶበር አበቃ። መነኩሴ ያለ ምእመን አይቆምም፤ ምዕራባውያኑ ግን መጽሐፉን ይዘው ምእመኑን ረሱት።

«የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል በጣም ፍሩት። ጋል ላይ የሆነው ኤስያ ውስጥ ነው። በአሜሪካ ምድር ላይ መጠጊያ በመውሰድ የመጀመሪያው የሚባለው ቻርልስ ስትራውስ የተባለ የኒውዮርክ ነጋዴ ነው፤ በ1893 የቺካጎው የሃይማኖቶች ጉባኤ ጊዜ ከዳርማፓላ ተቀበለ። በመካከሉ በ1885 ሁለት የቦስተን ሰዎች፣ ሐኪሙ ቢጌሎውና የሥነ ጥበብ ሊቁ ፌኖሎሳ፣ ጃፓን ውስጥ ቴንዳይ በሚባለው የጃፓን ቡድሂዝም ወገን ሥርዓት ቃል ኪዳን ገብተዋል። የት፣ በየትኛው ሥርዓት፣ ምእመን ወይስ መነኩሴ ብላችሁ ካልወሰናችሁ «የመጀመሪያው» ውሸት ይሆናል።

ስለ አማርኛችን ደግሞ ልምከራችሁ። «ዳግም ልደት» ብላችሁ አትጻፉ፤ አንባቢያችሁ ጥምቀትን ያስባል። «እንደገና መወለድ» ይሻላል። «ነፍስ» የሚለውን ቃል የፓሊ ጽሑፍ ስትተረጉሙ ተዉት፤ ቡድሃ የካደውን ነገር መልሳችሁ ታስገባላችሁ። ለቲዮሶፊ ግን ይሆናል፤ ልዩነቱ በራሱ ይታያል። «መጠጊያ» ጥሩ ቃል ነው፤ ሆኖም የዳዊት መዝሙር «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን» ስለሚል፣ እዚህ አምላክ እንደሌለበት አንድ ጊዜ ግለጹ። ፓሊና ሳንስክሪት አትቀላቅሉ፤ ካርማና ኒርቫና ካላችሁ ዳርማ በሉ፤ ዳማ ካላችሁ ካማና ኒባና በሉ።

እኛም ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለንም። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም በ1553 በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን «በራላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰዋል። ይዋስፍ የሚለው ስም ቦዲሳትቫ ከሚለው የቡድሃ መጠሪያ በቋንቋ ቋንቋ እየተሻገረ የመጣ ነው፤ ታሪኩም የቡድሃ ታሪክ ክርስቲያን ሆኖ ነው። አባቱ ክፉ ነገር እንዳያይ በቤተ መንግሥት የዘጋበት የንጉሥ ልጅ አንድ ቀን ይወጣና በመንገዱ ድውይ፣ ዕውርና በዕድሜ የጎበጠ ሽማግሌ ያያል። ግዕዙ በ1923 ታትሟል። ያንን ክፍል አንብቡ፤ ከዚያ ጋል ላይ ወደ ተንበረከኩት ሁለት ሰዎች ተመለሱ።